የወንድሜ መንዙማና የጆንያ ምልክት

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ለእኔ የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው። ልጆች ሆነን ከወሎ በሰፈራ መጥተን በተተከልንባት መንደር መንዙማ የሚያወጣው እሱ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ለዱዓ በምንሰበሰብበት ሐድራ ላይ ድቤ ሲመታ እሱ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ብቻውን በስልኩ ይቀዳዋል። ሃያ ሦስት መንዙማ ቀድቷል።

ስልኩ መሞቻው ሲደርስ አሶሳ ገበያው አጠገብ ወዳለ ኮምፒዩተር ቤት ወሰድኩት። ልጄ ቡለን ወረዳ አስተማሪ ሆና ስትመደብ የተወችልኝን አሮጌ ኮምፒዩተርም ይዣለሁ፤ እዚያ ላይ እንዲገለብጥልኝ። ባለቤቱ ከሆሞሻ የመጣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ብዙውን ነገር ሴት ያደርጋል። ገና ሳንተዋወቅ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው አላምንም። አንዱን መንዙማ ከፍቶ ሲሞክር አብሮ መቀበል ጀመረ።

«ድምፁ ታምራለች። ማነው?»

«ምን አገባህ። ገልብጠህ ስትጨርስ ከስልኩ አጥፋው።»

«ሼሁ፣ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ኮምፒዩተር ትበላሻለች እኮ።»

«ሼህ አይደለሁም። አጥፋው አልኩህ።»

እያየሁት አጠፋው። እኔ የፈራሁት ስልኩን ከፍቶ ለራሱ እንዳያስቀርና ለሰው ሁሉ እንዳይጭን ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የሳሙና ካርቶን፣ የመኪና ጀርባ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ። ሳላነብ በኖርኩበት ዘመን ስንት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን እንዳስነኩኝ ስለማውቅ፣ ዛሬም ደቃቅ ጽሑፍ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቤቴ ገብቼ ኮምፒዩተሩን ስከፍት ያየሁት እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር ነው። በእያንዳንዱ መንዙማ ስም ጭራ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ ከነጥቧ ቀጥሎ ሁለት የፈረንጅ ፊደልና የሦስት ቁጥር። ሃያ ሦስቱም ላይ ያው ነው።

እኔ ወፍጮ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። እህል የሚያስፈጭ ሁሉ የጆንያውን አፍ በምልክት ያስራል፤ አንዱ በቀይ ክር፣ አንዱ በጨርቅ ቅዳጅ። ሦስት ጆንያ ላይ አንድ ዓይነት ክር ካየሁ የሦስቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው። በዚህ ተሳስቼ ዱቄት ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። እናም ገባኝ፤ ያ የሚስቅ ሰውዬ በወንድሜ መንዙማ ላይ ክሩን አስሯል።

ልፈታው ተቀመጥኩ። ልጄ የአማርኛ መጻፊያ ጭናልኝ ስለነበር ያንን ጭራ እያጠፋሁ፣ ለእያንዳንዱ በራሴ እጅ ስም ጻፍኩ። በጣቴ እየለቀምኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ባጠፋሁ ቁጥር አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። የግራውን ስነካ ያሳልፈኛል፣ የቀኙን ስነካ የሰውዬውን ስም ይመልሳል። ዘበኛ አቁሞብኛል ብዬ ግራ ግራውን ነካሁ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የነበረው ትንሽ ሥዕል እየጠፋ ነጭ ወረቀት ብቻ ሲቀር፣ ጸዳ አልኩ።

ቅዳሜ የወንድሜ ሚስት ከባምባሲ መጣች። ከሞተ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። አጠገቤ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ነካሁ። አይዘፍንም። በምን ልክፈተው የሚል የሚመስል ነገር በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እስከ ሃያ ሦስተኛው ድረስ ሄድኩ።

«አጠፋኸው?» አለች።

«እኔ አይደለሁም። የኮምፒዩተር ቤቱ ሰውዬ ነው።»

«አንተ መቼም የሚያጠፋልህ ሰው አታጣም።»

ሰኞ ወደ ባምባሲ ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ኮምፒዩተሩን ይዘን ሱቁ ገባን።

«ሰርቀኸኛል» አልኩት፣ ሰላምታ ሳልሰጥ።

ሰውዬው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አየና «ስሟን ማነው የቀየረ?» አለ።



«እሱ ነዋ፣ ማን ሊሆን ኖሯል» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ጭራዋን ለምን ቆረጥካት? ኮምፒዩተር በዚያች ነው የምታውቀው። ይሄ ድምፅ ነው፣ ይሄ ሥዕል ነው፣ ብላ።»

«ያንተ ምልክት መስሎኝ ነው።»

«የዓለም ዘፈን ሁሉ ያቺ ጭራ አላት። ሁሉ የኔ ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ኮምፒዩተሯ አይሆንም ብላ አልጠየቀችህም?»

«ጠይቃኛለች።»

«ስንቴ?»

«ሃያ ሦስቴ።»

ነጥቧንና ፊደሎቹን በመጀመሪያው ስም ላይ መልሶ ጻፈ። ነጩ ወረቀት ሄደ፣ ሥዕሉ ተመለሰ። ነካው። ወንድሜ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጥሎ «በሩን ዝጊው» አለ፤ ከዚያ አወጣ።

«ዘግቼዋለሁ» አለች ሚስቱ፣ ለኮምፒዩተሩ። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሰውዬው የቀሩትን እኔው እንድጽፍ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሃያ ሁለቱንም እኔው ቀጠልኩላቸው። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«አንዷን ለኔ ብትሰጠኝ? ሱቅ ስከፍት ጠዋት ልሰማት።»

ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ መጣ። «አልሰጥም» አልኩት። «ኻላስ፣ ይቅር» አለና ወደ ሥራው ዞረ፤ አልተቆጣም። ያለመቆጣቱም አላማረኝም።

ባጃጅ ይዘን ወደ መናኸሪያ ስንሄድ የወንድሜ ሚስት «ሊሰርቅ ቢፈልግ ያን ጊዜ ስልኩ እጁ ላይ እያለ አይሰርቅም ነበር?» አለችኝ። «የሚሰርቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅሃል?»

መኪና ላይ አሳፈርኳት። ተመልሼ ወፍጮ ቤት መሄድ ነበረብኝ፣ ሥራ ቆሟል። አልሄድኩም፤ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «አሁን ደግሞ ምን ቆረጥክ?» አለኝ።

«አንድ ብቻ» አልኩት። «ራስህ ምረጥ።»

ብዙ አላገላበጠም፤ «በሩን ዝጊው» የሚለውን መረጠ። ገልብጦ እስኪጨርስ ከጀርባው ቆምኩ። አንዷ ብቻ መሄዷን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሬን ዘግቼ ወጣሁ።