ያመለጠችኝ አሜን

1988 ዓ.ም.፣ ጥቅምት። የሳጉሬ ገብስ እየነጣ፣ የአሴላ ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝበት ወቅት ነበር። ትናንት ልጄ የታሪክ መጽሐፉን ይዞ «እማዬ፣ ፖላንድ የሚባል አገር ታውቂያለሽ?» ቢለኝ ያ ጥቅምት መጣብኝ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሳጉሬ መጥቼ አሴላ አክስቴ ቤት እኖር ነበር። አባቴ ታሪክ ከወደቅኩ እንደሚመልሰኝ ቁርጡን ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ አፌን አልከፍትም።

መምህራችን የፖላንድን ምክር ቤት በክርክር እንድናሳይ አዘዙን። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። የጦሩን ደመወዝ፣ ስንቅና ሹመት ሄትማን የሚባል አንድ አዛዥ ዕድሜ ልኩን ይዞታል። ከእጁ ወጥቶ ለጉባኤ ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ አይነካ የሚሉም አሉ። እኔን የገረመኝ ደንቡ ነው። ከእንደራሴዎቹ አንዱ ብቻ «አልፈቅድም» ካለ ስብሰባው ይበተናል፤ ቀድሞ የተስማሙበትም ሁሉ ይሻራል። ያን የሚለው እንደራሴ እኔ ሆንኩ። አንዲት ቃል ብቻ በመሆኗ ተመስገን አልኩ።

ሰብሳቢው ጀማል ነበር፤ አባቱ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ክርክሩ ሲያልቅ የእኔን ቃል ረስቶ፣ እንደ አባቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀን። ክፍሉ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ።

«አንቺ፣ ቃልሽስ?» አሉኝ መምህሩ።

«አሜን ብያለሁ፣ ቲቸር። እንዴት አፈርሰዋለሁ?»

ጀማል ፖላንድን አዳነቻት ብሎ አሳቀብኝ። መምህሩ ግን ቃሌን ካላልኩ ማርክ እንደማይሰጡኝ ተናገሩ። ወደ ሳጉሬ የሚወስደው መንገድ ታየኝ። ያኔ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኩ፤ «ያን እምቢ ያለውን ሰውዬ፣ ሽማግሌ አልላኩበትም?»

መምህሩ መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ቃልሽን በይ። ሽማግሌም ይላክብሽና እናያለን።»

አሴላ ቀረሁ፣ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ወለድኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰዎቹ ያን አንድ ሰው ለምነውት ይሆን አይሆን፣ ዛሬም አላውቅም። ለልጄ የነገርኩት የማግስቱን ጠዋት ነው። ጀማል እጁን ሳያነሣ ብድግ ብዬ «አልፈቅድም» አልኩ። ከዚያ ሹራቤን ሰብስቤ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ተቀምጬ ጠበቅኩ።