ምንም ያልሆነችው ብርቅአየሁ

ብርቅአየሁን የተዋወቅኋት ላገባት ሄጄ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች "ሥራ አላት፣ ቤት አላት፣ ጨዋ ናት፤ ምን ትጠብቃለህ?" ብለው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኬክ አስይዘው ስቶክሆልም ዳር ሄሰልቢ ወደሚገኘው ቤቷ ላኩኝ። ከእኔ በፊት ስንት ወንድ እንደላኩ ግን አልነገሩኝም። ስድስተኛው እንደሆንኩ ያወቅሁት ቆይቶ ራሷ ስትነግረኝ ነው። ኬኩን ቆርሳ አቀረበችልኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ፍቅረ ሥላሴ፣ ደህና ሰው ትመስላለህ፤ ስለዚህ አላመላልስህም" አለችኝ። "እኔ ወንድ አምሮኝ አያውቅም። ሴትም አምራኝ አታውቅም። ማንም አልበደለኝም፤ ማንም አልከዳኝም፤ አልታመምኩም፤ ስእለትም የለብኝም። እንዲህ ነኝ፤ አለቀ። ኬኩ ግን ይጣፍጣል፤ ጨምር።"

እኔስ ምን አደረግሁ? እንደ ማንኛውም የማይረባ ወንድ አላመንኳትም። እሑድ ለሴቶቹ "የደበቀችው ነገር አለ" ብዬ አወራሁ። ሰባተኛው እንዳይሄድ ያደረገው የእኔ ወሬ ነው፤ ውለታ ከተባለ የዋልኩላት ውለታ ይኸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዮርድብሩ ካለው መጋዘን ሥራ ስመለስ ቱነልባና፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን አልፌ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። የቀሰቀሰችኝ ሹፌሯ ናት። ባቡሩን አዙራ ለመመለስ ወደ ሌላው ጫፍ ስታልፍ አየችኝ። ብርቅአየሁ! የሹፌር ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ "ተነስ፣ ሄሰልቢ ደርሰሃል፤ ዛሬስ ማን ላከህ?" አለችኝና ከት ብላ ሳቀች። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኋት። "በል ተወው፤ ባቡሩ ሊነሳ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን። ባለቤቴን ኢየሩስን ሳገባ ሚዜዎቹን ሁሉ ስታሯሩጥ የዋለችው እሷ ናት።

እንግዲህ ይህች ሴት ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በአረንጓዴው መስመር ላይ ባቡር ስትነዳ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። የእህቷን ልጅ ሄኒን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ አስመርቃለች። በረንዳዋ ላይ የምታበቅለው ቲማቲም ለጎረቤት ይተርፋል። በሰው ሠርግ ላይ እስክስታ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። ይህን የምዘረዝረው ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ስዊድንኛውን ቃል ቤት ያመጣችው ሄኒ ናት። "አክስቴ፣ እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ስም አላቸው፤ አሴክሹዌል ይባላሉ። ብዙ ናቸው" አለቻት። ብርቅአየሁ ቃሉን ደጋግማ አፏ ላይ አዟዙራ "ጥሩ፤ ብዙ ከሆንን ታዲያ የት ነው ያለነው?" ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ብርቅአየሁ ቴሌቪዥን ትወዳለች፤ የስዊድኑንም የእንግሊዙንም ተከታታይ ድራማ አይቀርባትም። እንደሷ ያለ ሰው ስትፈልግ ከረመችና አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ያገኘችውን ነገረችን። "አንዱ ሬሳ የሚመረምር ደረቅ ሰው ነው። አንዱ ሰው እያረደ ፍሪጅ የሚያስገባ እብድ ነው። ሌላው ጭራሽ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። አንዷ ደግሞ እንደኔ ነኝ ብላ ጀመረችና በአራተኛው ክፍል ትክክለኛው ወንድ መጥቶ አዳናት።" በዩቲዩብ የሚለቀቁትን የአማርኛ ፊልሞችማ አታንሱባት። እዚያ ያላገባች ሴት ወይ መተት ተደርጎባታል፣ ወይ ውጭ አገር የሄደ ፍቅረኛዋን ትጠብቃለች፣ ወይ የሰው ባል ትቀማለች። ባቡር ነድታ፣ ቲማቲሟን ውኃ አጠጥታ፣ ደህና እንቅልፍ ተኝታ የምታድር አንዲት እንኳ የለችም።

ለዚህም ነው ባለፈው ዓመት የሄኒ ጓደኛ የምትሠራበት ድርጅት "በዚህ አገር ስለማይታዩ ሰዎች" ተከታታይ ፊልም ለቴሌቪዥን ሊሠራ ነው ሲባል ብርቅአየሁ እሺ ያለችው። "አንድ ሰው ይታይ፤ አንዷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አይታኝ በሰላም ትተኛ" አለች። የሰጠችው ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

አዘጋጇ ፍሬድሪካ ትባላለች። መሃል ከተማ ሶደርማልም ካለው ቢሮዋ ስታነጋግረን ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ነው፤ የሐዘን ቤት እንደገባ ሰው። እኔን የጠሩኝ "እንደ ቅርብ ወዳጅ" አስተያየት እንድሰጥ ነበር። ፍሬድሪካ የብርቅአየሁን እጅ ያዘችና በለሰለሰ ድምፅ "ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት።

"ምንም አልሆንኩም" አለች ብርቅአየሁ።

"ጦርነቱ ነው?"

"ጦርነት ሲመጣ እኔ አክስቴ ቤት ካርታ እየተጫወትኩ ነበር።"

"ግርዛት… በእናንተ አገር…"

"እሱን ያለፉ ሴቶች ባል ያምራቸዋል፤ ልጅም ይወልዳሉ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የነሱን ሕመም ለኔ አትስጪ።"

"አባትሽስ? አጎት?"

እዚህ ላይ ብርቅአየሁ እጇን ከሴትዮዋ እጅ አወጣች። "አባቴ ጉንፋን እንዳይዘኝ ካልሲዬን በምድጃ አሙቆ የሚያለብሰኝ ሰው ነበር" አለች። ፍሬድሪካ ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ እስካሁን ያስገርመኛል፤ የተራበ ሰው ባዶ ድስት ሲከፍት እንዲያ ነው የሚሆነው።

ሦስት ቀን ቀረጿት። መስከረም ነበር፤ ፀሐዩ ልዩ ነው። ከሄሰልቢ እስከ መሃል ከተማ ባቡሩ አብዛኛውን መንገድ ከመሬት በላይ ነው የሚሄደው፤ ዛፉ፣ ድልድዩ፣ ውኃው ሁሉ ይታያል። በረንዳዋን ቀረጹ። ከሄኒ ጋር ስትቀላለድ ቀረጹ። ቤቴ ከልጆቼ ጋር ስትጨፍር ቀረጹ። እኔንም አርባ ደቂቃ አናገሩኝ። በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ ፍሬድሪካ "መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ዝም በይ፤ አትሳቂ" አለቻት።

"ለምን?"

"ለሥዕሉ ያምራል።"

አምስት ጊዜ እንቢ አለች። በስድስተኛው ስለደከማት ብቻ ተቀመጠች። ከዚያ ደግሞ "ስለራስሽ የምትይውን በቋንቋሽ በይው፤ ድምፁ ደስ ይላል፤ እኛ እናስተረጉመዋለን" ተባለች። እሷም በአማርኛ "ወንድ አምሮኝ አያውቅም" አለች። ያን ሁሉ ዓመት ለሁላችንም ስትል የኖረችውን፣ ያንኑ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ፊልሙ ከመተላለፉ በፊት፣ ሶደርማልም ውስጥ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ለተጋባዥ ታየ። እኔ፣ ሄኒና ብርቅአየሁ ፊት ተቀመጥን። ብርቅአየሁ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

የሷ ክፍል ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የሚጀምረው በጨለማ ዋሻ ነው። ፒያኖ አንድ አንድ እያለ ይንጠባጠባል። የፍሬድሪካ ድምፅ "ብርቅአየሁ ሕይወቷን በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ትነዳለች" ይላል። ቀጥሎ መስኮቱ። ቀጥሎ ዋሻው። ደግሞ መስኮቱ። በረንዳው የለም፣ ልጆቼ የሉም፣ ጭፈራው የለም። የኔም አርባ ደቂቃ የለም። ፀሐይ የምትባል ነገር በስቶክሆልም ላይ ወጥታ የምታውቅ አይመስልም። በመጨረሻ ብርቅአየሁ ወደ ካሜራው ዞራ በአማርኛ "ወንድ አምሮኝ አያውቅም" ስትል ከታች በስዊድንኛ ምን ተጻፈ?

"ወንድ ወዶኝ አያውቅም።"

ሄኒ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችው። እኔ ደግሞ ኬክ ተሸክሜ ደጇ ድረስ የሄድኩ ሰውዬ እዚያ ተቀምጫለሁ! ከእኔ በፊት አምስት! ማን እንደተረጎመው በኋላ ስንጠይቅ ኮምፒውተር ነው አሉን፤ ለሰው ላለመክፈል ብለው። እውነቱን ለመናገር ኮምፒውተሩን አልወቅሰውም። ሌላ ትርጉም ቢሰጣቸው ኖሮ ለዚያ ፒያኖ አይሆንም ነበር። ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ አንድ ሐኪም ብቅ ብሎ ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ጥሩ እርዳታ እንዳለ አስረድቶ ፊልሙን ዘጋው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላችን አፍንጫቸውን የሚጠርጉ ነበሩ። አንዲት የማናውቃት ሴት ተንደርድራ መጥታ ብርቅአየሁን አቅፋ "ጎበዝ ነሽ፤ በርቺ" አለቻት። ብርቅአየሁ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆማ እስክትለቃት ጠበቀች።

ከዚያ ጥያቄና መልስ ሆነና መድረክ ላይ ጠሯት። ፍሬድሪካ ጭንቅላቷን አዘንብላ "ራስሽን እንዲህ ስታዪ ምን ተሰማሽ?" አለቻት። ብርቅአየሁ ማይክሮፎኑን ተቀበለች። በስዊድንኛ ነው የተናገረችው፤ በባቡሩ ድምፅ ማጉያ ፌርማታ በምትጠራበት በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ።

"ራሴን አላየሁም። ይቺን ሴትዮ አላውቃትም። እኔ የምነዳው ባቡር ከቶሪልድስፕላን ፌርማታ በኋላ ከመሬት በላይ ነው፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ተሳፍራችሁበታል፤ ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ስቄ ነበር፤ ሳቄን የት ጣላችሁት? እኔ 'ወንድ ወዶኝ አያውቅም' አላልኩም፤ ስድስት ሰው ጠይቆኛል፤ አንዱ ያው ተቀምጧል። ያልኩት 'አምሮኝ አያውቅም' ነው። ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልግም፤ መዝገበ ቃላት ይበቃል።"

ፍሬድሪካ ቀላች። "እኛ ሕመምሽን ልናሳይ ነው የፈለግነው" አለች።

"ሕመም አልነበረኝም። ይዛችሁት የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይዛችሁት ሂዱ።"

ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወረደች። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ውጭ ስንወጣ "ቀሚስ ገዛሁኮ፣ ፍቅረ" አለችኝ። ከዚያች ቃል በቀር ስታማርር አልሰማኋትም።

ብርቅአየሁ ክፍሌ ከፊልሙ ይውጣ ብትላት ፍሬድሪካ በማግስቱ ፈርመሻልና ማስወጣት አይቻልም ብላ ጻፈች። ሄኒ ግን ትክክለኛውን ትርጉም በሕጋዊ አስተርጓሚ አስጽፋ ለጣቢያው ላከች። ጣቢያው ያልተባለን ነገር ተባለ ብሎ ማስተላለፍ እንደሚያስጠይቀው ሲያውቅ ያቺ የተዘነላት ሕመም ሁሉ በአንድ ቀን ተረሳችና የብርቅአየሁ ክፍል ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ። ተስተካክሎ ይግባ ያለ አንድ ሰው የለም። በሷ ቦታ ሰባት በቀቀን ይዞ የሚኖር ሰውዬ አስገቡ። ሰውዬው በጣም ይስቃል፤ አንዱንም ሳቅ አልቆረጡበትም።

መድረኩ ላይ የተናገረችውን ግን አንድ ሰው በስልኩ ቀድቶት ኖሮ ተሠራጨ። የእኛም ሰዎች ጋ ደረሰ። እዚህ ያለነውም ከፍሬድሪካ አንሻልም፤ ፒያኖ ስለሌለን ነው እንጂ። አንዱ "ፈረንጆቹ አበላሿት" አለ፤ ሌላው "ድሮም ገዳም መግባት ነበረባት" አለ። ስድስት ወንድ የላኩባት ሴቶች ደግሞ "ምነው ገመናዋን አደባባይ አወጣችው?" አሉ። ገመናዋን ማን ቤት ለቤት ሲያዞረው እንደኖረ የጠየቃቸው የለም። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሚስቴ ኢየሩስ ናት የጠየቀቻቸው።

በተከታዩ የጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ ተጂቱ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ብርቅአየሁን "ሸኚኝ" አሏት። ከማንም ጋር ብዙ የማይነጋገሩ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አራት ልጆች አሏቸው። የሆነውን ብርቅአየሁ ናት የነገረችኝ፤ እንድጽፈው የፈቀዱት ደግሞ ራሳቸው እትዬ ተጂቱ ናቸው፤ "ስሜንም ጻፈው፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ?" ብለው።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "የልጅ ልጄ ያንቺን ንግግር በስልኳ አሳየችኝ፤ ተረጎመችልኝም" አሉ። "ያቺን ቃል… ደግመሽ በአማርኛ በያት እስቲ።"

"ወንድ አምሮኝ አያውቅም።"

እትዬ ተጂቱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። እኔኮ ልጄ፣ ሴቱ ሁሉ እንደኔ የሚያስመስል መስሎኝ ነበር። ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ የጓደኞቼ ጨዋታ፣ ሁሉም ሰው ተስማምቶ የሚዋሽ መስሎኝ ነበር። ለካ እነሱ የምራቸውን ነው።"

"የምራቸውን ነው፣ እትዬ።"

"ሁሉም?"

"አብዛኞቹ።"

አሮጊቷ መሳቅ ጀመሩ። ብርቅአየሁም ሳቀች። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፍቶ፣ የሚሳፈር ሲያጣ ዘግቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው።

ብርቅአየሁ ይህን ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም። "ሰባ ስምንት ዓመት፣ ፍቅረ! አንድ ፊልም፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ ሰው ቢነግራቸው ምን ነበረበት? ያ ሁሉ ካሜራ ምን ሲያደርግ ነው የኖረው?" አለችና ጥርሷን ነከሰች።

በገና ሰሞን ከፍሬድሪካ ደብዳቤ መጣ። ሌላ ፊልም ልትሠራ ነው፤ "ሞቅ ያለ"፤ ከብርቅአየሁ "ባህል" ሌሎች እንደሷ ያሉ ካሉ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ ብታገናኛት ደስ ይላታል። ብርቅአየሁ ደብዳቤውን ለእትዬ ተጂቱ አንብባ "እርስዎ ምን ይላሉ?" አለቻቸው።

"ለነሱ ምን ብዬ ነው የማወራው? እኔ የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር፤ አሁን ላንቺ ነገርኩሽ። የኔ ልጅ፣ ይልቅ ያንን በሹካ የሚበላውን ምግብ ላብላዎት ብለሽኝ ነበር፤ መቼ ነው የምትወስጂኝ?"

ለፍሬድሪካ የተጻፈላት መልስ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች ከተማ ወጥተው ፓስታ በሉ፤ እትዬ ተጂቱ ጨው አንሶታል ብለው አስተናጋጁን ተቆጡት።