የመጨረሻዋ መገጣጠሚያ

ጋሽ ሰኢድ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። በቤታቸው ጓሮ ክፍል፣ ሰፊ ጣውላ ላይ፣ የልጅነታቸውን ባቡር ጣቢያ በትንሹ ሠርተዋል። ሃዲዱ ከቀጭን ናስ ነው፤ ከሥሩ የተረበረበው ርብራብ ከአሮጌ ሬዲዮ ሰሌዳ የተቆረጠ ነው። ሁለቱን የሚያያይዘው በመበየጃ ካውያ የሚቀልጠው ሊድ ነው። የቤቱ ጭንቀትም የመጣው በሊዱ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ሊድ በሆዱ ሙጫ የያዘ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ካውያ ሲነካው ወዲያው ይፈሳል፣ ያበራል። ሌላው አባታቸው ከባቡር ጋራዥ ያመጡት ደብዛዛ ጉማጅ ነው። ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲረጋ አመድ ይመስላል።

ጋሽ ሰኢድ የሱቁ ሊድ ቢያልቅባቸው አንዷን መታጠፊያ በአባታቸው ሊድ በየዱ። በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ በመብራት የምትሄደው ትንሿ ባቡር ማንም ሳይነካት መታጠፊያዋን ዞረችና የሱቁ ሊድ የሚጀምርበት ስትደርስ ቆመች።

ሚስታቸው ፋጡማ በሩ ላይ ነበሩ። “ንፋስ ነው በለኛ!”

“መስኮቱ ዝግ ነው አቦ።”

“እንግዲያው አፍርሰው። ሰው ጤናውን ይፈልጋል፣ አንተ ጂን ታሳፍራለህ?”

ጋሽ ሰኢድ ግን ወንድማቸውን አሰቡ። አብዱራህማን በዕቃ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። ወደ ጅቡቲ የወጣው ባቡር ተመለሰ፤ እሳቸው አልተመለሱም። አስከሬን አልተገኘም፤ መቃብር የላቸውም።

ከዚያ ወዲያ፣ ባቡሯ እስከ ጣቢያው እንድትደርስ፣ ሃዲዱን እየፈቱ በአባታቸው ሊድ ብቻ በየዱት። አንዱን መገጣጠሚያ ሲያሞቁ አጠገቡ ያለው እንዳይላቀቅ እርጥብ ጨርቅ ያለብሱታል። ጉማጁ አልቆ ጥፍር ሲያክል፣ የቀረችው ወደ ጣቢያው የምታስገባዋ መገጣጠሚያ ነበረች።

መብራት የለም። ካውያውን ከሰል ላይ አግለው፣ አዲስ የገዙትን የሱቅ ሊድና የአባታቸውን ጉማጅ ይዘው ቆሙ።

“የሚመጣው አብዱራህማን ባይሆንስ?” አሉ ፋጡማ።

“እሱ ቢሆንስ? በሱቁ ብበይደው ደጃፉ ላይ ይቆማል። እንደገና ሜዳ ላይ ይቅር?”

ጋሽ ሰኢድ የሱቁን ሽቦ አስቀመጡ። የአባታቸው ሊድ እንደማመንታት ብሎ ፈሰሰ፣ ደበዘዘ፣ ረጋ።

ባቡሯ ተነሳች። ማንም አልነካትም። ዙሪያውን ዞራ፣ አዲሷን መገጣጠሚያ አልፋ፣ ጣቢያው ፊት ቆመች። ጣውላው ከባድ ሰው የወረደበት ይመስል ሲጥ አለ።

ጋሽ ሰኢድ ካውያውን እንደያዙ ቀሩ። ፋጡማ ሻሻቸውን አስተካክለው ከበሩ ዘወር አሉ፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ።

“ምሳ በልቶ ይሆን?” አሉ በቀስታ።