የአዴ ጫልቱ በርጩማ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚጀምርልኝ በብጣሽ ጨርቅ ነበር። ያኔ አምቦ፣ ከግቢያችን ጓሮ፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ በንጉሡ ዘመን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው ሠርተው ዓይናቸው ሲጠፋ የተቀመጡ ሰው። የከተማው ሰው ወላጁ ሲሞትበት ወይ አገር ሲለቅ የቤቱን ዕቃ ለእሳቸው ይሰጥ ነበር፤ ቅሉን፣ ዱላውን፣ ኮርቻውን። እሳቸውም ከባለ ዕቃው ልብስ ብጣሽ ተቀብለው ዕቃው ላይ ያስሩበታል። አመሻሽ ላይ ምድጃቸውን ከበን፣ ለእኛ እንጂ ለእሳቸው በማይበራው ኩራዝ አንድ ዕቃ መርጠን እጃቸው ላይ እናኖራለን፤ ጨርቁን በጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉና፣ ጭሱ እያሳላቸው፣ የባለቤቱን ታሪክ ይጀምራሉ።

እኔ ሁልጊዜ የማነሳት አንዲት በርጩማ ነበረች። የታሰረባት የአዴ ጫልቱ የነጠላ ጥለት ነው። አዴ ጫልቱ የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ፤ ሞተዋል። ኦቦ ገመቹ ያንን ጥለት በነኩ ቁጥር የእኔን መወለድ ይተርካሉ፤ ዝናቡን፣ አባቴ ተደናግጦ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ ማጥለቁን፣ እናቴ በምጥ መሀል አዋላጇን እየተሳደበች ማሳቋን። እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ሞታለች፤ አባቴ ደግሞ ስሟ ሲነሳ ወጥቶ ይሄዳል። እናቴ ተሳዳቢ መሆኗን ያወቅሁት በዚያች በርጩማ ነው።

የኦቦ ገመቹ ክፍል ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ዕቃው እንዳይበሰብስ፣ የከተማው ሰውም እየገባ የወላጆቹን እንዲዳስስ፣ ቀበሌውን አንድ ክፍል ለመኑ። ምርኩዛቸውን ይዘው ስንቴ ተመላለሱ! በመጨረሻ ተፈቀደላቸውና የቀበሌው ወጣቶች ዕቃውን በጋሪ ጭነው ወሰዱት፤ ለአብዮት በዓል ይከፈታል ተባለ። ያን ሰሞን ሽማግሌው ደስታቸው ቅጥ አጥቶ ነበር።

የተከፈተ ቀን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እኔ እጃቸውን ይዤ ሄድን። ክፍሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ኖራ ተቀብቷል። ዕቃው ሁሉ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ጠጥቶ ተደርድሯል። በርጩማዎቹ አንድ ዓይነት ያብለጨልጫሉ፤ ከበላያቸው «የባላባቶች መቀመጫ» ተብሎ ተጽፏል። ምስኪን አዴ ጫልቱ፣ ባላባት ሆነው አረፉት! ፊት ለፊታቸው ገመድ ተወጥሯል። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ሲሰዱ ጥበቃው መንካት ክልክል ነው አላቸው፤ እሳቸው ግን አንዷን ይዘው እግሮቿን ዳበሱ፣ ከዚያ ሌላዋን።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጨርቁስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሰምቶ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ይሄው ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው።

«ያ ቡትቶ? አቃጠልነው እኮ፣ ኦቦ ገመቹ። ለሕዝብ የሚገባው ንጹሕ ዕቃ ነው።»

ከኋላችን ሰው ያጨበጭብ ነበር። ምን ያድርግ፣ አጨብጭብ ተብሏል።

ከዚያ ወዲያ ምድጃቸውን ብንከብም ፍሙን ከማየት በቀር የምናገኘው ነገር አልነበረም። ስለ እናቴ እንዲነግሩኝ ብለማመጣቸው፣ ጨርቁን ዳስሼ ያላረጋገጥኩትን አልመሰክርም አሉኝ፤ የፍርድ ቤት አመላቸው አለቀቃቸውም። ተናደድኩባቸው። እኔ ምስክርነት መች ጠየቅሁ? ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ።

ክፍሉ ዛሬም አለ፣ በደንብ ተጠብቋል፣ ለማንም ክፍት ነው። ጽሑፉ ተቀይሮ «ባህላዊ መቀመጫዎች» ይላል። በቅርቡ ሄጄ ነበር፤ አስጎብኚዋ ትሁት ልጅ ናት፣ ስለ እንጨቱ ዓይነት አስረዳችኝ። ገመዱ ፊት ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። እኔ ስወለድ አዴ ጫልቱ የተቀመጡባት ከእነዚያ አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።