ሲደርቅ የምትከፈት ፍሬ

ሱዳን፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር፣ ከምሠራበት ቤት ግቢ ልብስ ሳሰጣ፣ ከፈረንጅ ጥዱ ሥር የወደቀች ፍሬ ፀሐይ መትታት ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ትከፈታለች። ድምፁ አላስቀምጥ አለኝ።

ወሎ እያለን፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ አባዬ እንዲህ ያለች የጥድ ፍሬ መስኮት ላይ አስቀምጦ ጠዋት ማታ ያያት ነበር። ቅርፊቶቿ ተበርግደው፣ ክንፍ ያለው ዘሯ በነፋስ ይበናል።

«እርጥበት ሲሸታት ልጆቿን ታቅፋለች፤ ሲደርቅ ትበትናለች» አለኝ።

«ለምን ትበትናቸዋለች?»

«እሷ ጋ ሆነው ምን ሊበሉ?» አለና ታላቅ እህቴን አየ። እህቴ በሳምንቱ ወደ ሱዳን ሄደች። ኋላ እኔም ተከተልኳት።

ማዳም ከውስጥ «ያላ፣ ያላ» እያለች ታጣድፈኛለች። ፍሬዋን አንስቼ የባልዲው ውሃ ውስጥ ጣልኳትና ገባሁ። ልብሱን ልሰበስብ ስወጣ ጥርቅም ብላ ተዘግታለች። ዘሯ ግን ቀድሞ ሄዷል።