ያልፈለግኳት ካርታ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ጁስ ቤት ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። በልቤ ከሁሉም አሳንሼ የማየው ሰው ፊት ነበርና የተዋረድኩት፣ ልረሳው አልቻልኩም።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሰውን ለመናቅ ብዙ ምክንያት አልፈልግም። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እዚህ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተመረቅኩ፤ እዚሁ አንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ቀርፋፋ ይመስለኝ ጀመር። ‹‹ኢንጂነር›› ሲሉኝ ደግሞ ይባስ አበጥኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዎች ሆነን ካርታ እንጫወታለን። ኮንከር እንዳይመስላችሁ። አውሬ፣ ጠንቋይና ወታደር የተሳለባቸው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉልበት ያላቸው ካርታዎች ናቸው። ታምራት የሚባል ረዳት መምህር ጓደኛችን ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። እኛ የምናውቀው ካርቶን ያ ብቻ ስለሆነ ማንም የወሰደውን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ተጫውተን ስንጨርስ ሁሉም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ ታምራት በሳምንቱ በውዞ አሥራ አምስት አሥራ አምስት እያደረገ በላስቲክ ያስራቸዋል።

አጨዋወቱ ድራፍት ይባላል። ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዳችን አንድ እስር እንፈታለን። ከአሥራ አምስቱ አንዷን መርጠን የቀረውን በግራችን ላለው ሰው እናሳልፋለን፤ በቀኛችን ካለው ደግሞ እንቀበላለን። ካርታው እስኪያልቅ እንዲሁ ይዞራል። ሦስት ዙር ካደረግን በኋላ ሁሉም ከሰበሰበው ውስጥ የሚሆነውን መርጦ ዴኩን፣ ማለትም ጦሩን ያዘጋጃል። የማይፈልገውን ጎኑ ያስቀምጣል። ሰው የሚሸነፈው ገና እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ግን ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም።

ታምራት የካርቶኑ ባለቤት ይሁን እንጂ ጨዋታውን አያውቀውም። የእሳት ወገን ካልሆነች ምንም ዓይነት ካርታ ብትመጣለት ያሳልፋታል። በግራዬ የሚቀመጠው በረከት የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ካርታ የሚመርጠው በሥዕሉ ቁንጅና ነው። በቀኜ የሚቀመጠው ኤርምያስ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ማኔጅመንት ተመርቆ ያኔ ሥራ ሲፈልግ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ማንም የማይፈልጋቸውን ትናንሽ ወታደሮች ይለቅማል። እስር በደረሰው ቁጥር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ‹‹ድር መሰለህ እንዴ?›› እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱ ፈገግ ይልና መቁጠሩን ይቀጥላል።

በዚያ ሰሞን የእኛ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲፈልግ ኤርምያስ ተወዳድሮ አለፈ። የቀረው ዋስ ብቻ ነበር። ንብረት የሚረከብ ሰው ያለ ዋስ አይቀጠርም፤ አንድ ደመወዝተኛ ‹‹ቢያጠፋ እኔ አለሁ›› ብሎ ሊፈርምለት ይገባል። ቅጹ ሰኞ ጠዋት ካልገባ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። እኔ እንደምፈርምለት ቃል ገብቼለት ነበር። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ሰው ሲለምነኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ታምራት ስፕሪሱን በማንኪያ እየበላ በዚያው እጁ ካርታ ይነካካል። ስንት ጊዜ ተናገርኩት! ማንጎው እጁ ላይ፣ እጁ ካርታው ላይ። ሆኖም ተጫወትንና እንደተለመደው እኔ አሸነፍኩ። ካርታውን ወደ ካርቶኑ ልንመልስ ስንል ታምራት ቀና ብሎ፣

‹‹ማዕበል ጠሪዋስ?›› አለ።

ማዕበል ጠሪዋ ከካርቶኑ ሁሉ አንድ ብቻ ያለች፣ የምታብለጨልጭ የውሃ ካርታ ናት። ታምራት በሦስተኛው ዙር መጀመሪያ እጁ ላይ እንደነበረች፣ እሳት ስላልሆነች ለኤርምያስ እንዳሳለፋት ተናገረ። ኤርምያስም ‹‹አይቻታለሁ። ለእኔ ዴክ አትሆንም፤ አሳለፍኳት›› አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። አላየኋትም። እውነቴን ነበር፤ አላየኋትም።

‹‹ታምራት ሞኝ ስለሆነ ያሳልፋል። አንተ ግን ሞኝ አይደለህም። አውጣት!›› አልኩት።

የሁሉንም ካርታ እያገላበጥኩ ፈተሽኩ። የኤርምያስን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ። የራሴን አልነካሁም፤ ለምን እነካለሁ? ኤርምያስ ተነሥቶ ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። መሐረብ፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ኮፒና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ወረቀቱ እንድፈርምለት ያመጣው የዋስትና ቅጽ ነበር።

‹‹ለሌባ ዋስ አልሆንም›› አልኩት፤ ጁስ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። በዚህም አልበቃኝም። ስልኬን አወጣሁና የሰው ኃይል ኃላፊያችን ወይዘሮ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። ‹‹ያ ያልኩሽ ልጅ እጁ አይታመንም፤ እኔ የለሁበትም›› አልኳት። ኤርምያስ አልጮኸም።

‹‹ሰኞ ነው እኮ፣ ኢንጂነር›› ብቻ አለ።

ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚሰሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ዳንሳ ይባላሉ፤ ለጁስ ቤቱ ከላንቴ ቀበሌ ሙዝ የሚያመጡ ገበሬ ናቸው። በአገራቸው ዱቡሻ፣ ማለትም የጋሞ ሽማግሌዎች የሰውን ጠብ በሚፈቱበት አደባባይ፣ ከሚቀመጡት አንዱ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር። ወንበራቸውን ጎትተው መጡ።

‹‹ነገሩ እንዲህ አትሄድም›› አሉ። ‹‹ቅድም እንደነበራችሁ ተቀመጡ። አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። እጅህ የሠራውን፣ ዓይንህ ያየውን ብቻ ተናገር። መሰለኝ የሚባል የለም።››

ሳቄ መጣ። ወንድና ሴት የሚያደባልቅ አማርኛ ይዘው፣ ካርታ በእጃቸው ነክተው ሳያውቁ፣ ሊዳኙን ነው። ለታምራት በጆሮው ‹‹አሁን ደግሞ የሙዝ ችሎት ተሰየመ›› አልኩት። አልሳቀልኝም። ጋሽ ዳንሳ መጀመሪያ በጋሞኛ መረቁ፤ ሁሉም ‹‹አሜን›› አለ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

ታምራት ቆመ። አሥራ አምስት ይዞ አንዷን መውሰዱን፣ አሥራ አራቱን ማሳለፉን ተናገረ።

ኤርምያስ ቆመ። ‹‹አሥራ አራት ደረሰኝ፤ ቆጥሬያለሁ። ማዕበል ጠሪዋ ከአዞው ካርታ ኋላ ነበረች። እኔ አንድ ወታደር ወሰድኩ፤ አስተካክዬ ደርድሬ አሥራ ሦስቱን ለኢንጂነር ሰጠሁ።››

ተራው የእኔ ሆነ። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ‹‹እኔ አልቆጥርም። አዞውን ወሰድኩ፤ የቀረውን ለበረከት ሰጠሁ።››

‹‹አዞዋ ለጦርህ ጠቀመችህ?›› አሉኝ ጋሽ ዳንሳ።

‹‹አይ። በረከት እንዳይወስደው ብዬ ነው።››

‹‹አልፈለግከውም። ግን ወሰድከው?››

ይህ ብልሃት እንደሆነ አስረዳኋቸው። የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ደንቡም እንደሚፈቅድ፣ ባላጋራን ማዳከም ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ አብራራሁ። ባብራራሁ ቁጥር ነገሩ ከአፌ ሲወጣ እያስጠላኝ መጣ። እሳቸው ‹‹እሺ›› ብቻ አሉና ወደ በረከት ዞሩ።

በረከት ቆመ። ‹‹ለእኔ አሥራ አንድ ነው የደረሰኝ›› አለ። ‹‹አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ብናገር ይሰድበኛል ብዬ ዝም አልኩ።››

ይሰድበኛል ያለው እኔን ነው። በየሳምንቱ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እኔን ፈርቶ የጎደለ ቆጥሮ ዝም ብሏል።

‹‹አዞዋ የት አለች?›› አሉ ጋሽ ዳንሳ።

ከፊት ለፊቴ፣ ለዴኬ ያልተጠቀምኩባቸውን ያስቀመጥኩበት ክምር ውስጥ ነበር። ካስቀመጥኩት ጀምሮ አልነካሁትም። አወጣሁትና ገለበጥኩት። ከጀርባው ማዕበል ጠሪዋ ተለጥፋለች። የታምራት ማንጎ እርጥብ ሳለ ተደርድረው ተጣብቀዋል፤ ከዚያ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ሳላቅቃት ጥጓ ተላጠ። አንዱ እንኳን ቢስቅ እንዴት በተገላገልኩ!

‹‹በቃ ስህተት ነው፤ ይቅርታ›› አልኩ ብዕሬን በችኮላ እያወጣሁ። ‹‹ቅጹን አምጣ ልፈርም።››

ጋሽ ዳንሳ መዳፋቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉ። ‹‹ሌባ ያልከው እዚህ ብቻ ነው?›› አሉኝ። የሁሉም ዓይን ወደ ስልኬ ሄደ። ‹‹ቃሉን የጣልክበት ቦታ ሁሉ ሄደህ አንሣ። በሰሙት ሰዎች ፊት። ካልሆነ ጎሜ ነው።›› ጎሜ የሚሉት ተደብቆ የቀረ በደል ኋላ ዞሮ የሠራውን ሰው ቤት የሚጎዳበት ነገር ነው። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ሆኖም ብዕሬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድን ሙሉ መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ሰኞ ጠዋት በሹክሹክታ እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቢሮ ስደርስ ኤርምያስ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጧል። ወይዘሮ ብዙነሽ ክፍል ገባሁ፤ በሩን ዘግቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

‹‹በሩን ለምን ዘጋኸው?›› አለችኝ። ‹‹እኔ አንተን አምኜ ለእነዚህ ሁሉ ነግሬያለሁ። ክፈተውና እነሱም ይስሙ።››

ከፈትኩት። በወዲያኛው ክፍል ያሉት ሦስት ሠራተኞች ቀና አሉ። ‹‹ኤርምያስ አልሰረቀም። ካርታዋ እኔ ጋ ነበረች›› አልኩ።

‹‹የቤት ካርታ ነው?›› አለ አንዱ ደንግጦ።

‹‹የመጫወቻ›› አልኩት። ሳቁ ኮሪደሩን አልፎ ሄደ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ከጠረጴዛው ላይ ብዕር አነሣሁ። ኤርምያስ ገባ። ‹‹አይ ኢንጂነር፣ ዋስ አግኝቻለሁ›› አለና ቅጹን ለወይዘሮ ብዙነሽ ሰጣት። ፊርማው የበረከት ነበር። እኔን ፈርቶ አንዲት ካርታ ጎደለችኝ ማለት ያቃተው በረከት፣ እሑድ ዕለት ቤቱ ድረስ ጠርቶት ፈርሞለታል።

ዛሬ ኤርምያስ የንብረት ክፍላችን ሠራተኛ ነው። የቅየሳ መሣሪያ ልወስድ ስሄድ ቆጥሮ ያስረክበኛል፤ ቆጥሮ ይረከበኛል። ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ‹‹ለምንድን ነው ያልሰደብከኝ?›› አልኩት። ‹‹አንተ ስትሳደብ አይቼሃለሁ›› አለኝ መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ፤ ‹‹አያምርም።››

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤታችን ሌሎች ሰዎችም ቀጥሯል። ሁሉም ዋስ ፍለጋ ቅጻቸውን ይዘው በጠረጴዛዬ አጠገብ ያልፋሉ፤ ከእኔ ያነሰ ደመወዝ ወዳለው ሰው ይሄዳሉ። ሲያልፉ ያቃጥለኛል። ‹‹ና፣ እኔ ልፈርምልህ›› ማለት እፈልጋለሁ፤ ‹‹አይ፣ አግኝቻለሁ›› እንዳልባል ፈርቼ ዝም እላለሁ።