ሥጋው አልከዳውም

ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንኳ የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት «እታለም!» ብለው ነው የሚጠሯት። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነበር። ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። በምትሠራበት ላቦራቶሪ በኩል ባለፈ ቁጥር ከበሩ ላይ ሆኖ «እታለም!» እያለ ሲጣራ፣ ሰዉ ሁሉ ለመደው። ኋላ ለኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ዓይኗ እያየ እንደ ሻማ ቀልጦ አለቀ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቫይረሱ ወደሚጠናበት ክፍል አዛውሩኝ ብላ ለመነች።

«ልብሽ ይችለዋል?» አሏት የክፍሉ አለቃ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ዶክተር።

«ካልቻለ እነግርዎታለሁ።»

አለቃዋ የሚያጠኑት የሰው ሴል ቫይረስ የሚከላከልበትን አንድ ፕሮቲን ነበር። ቫይረሱ ይህን ፕሮቲን የሚያስጠፋበት የራሱ መሣሪያ አለው፤ እነሱ ግን ይህ መሣሪያ ሆን ተብሎ የተወገደበትን ቫይረስ ወሰዱ። እታለም ከሴሎቹ የወጡትን ቫይረሶች በሚሽከረከረው ማሽን ለይታ አጠበቻቸው። ፕሮቲኑ ውስጣቸው ካለ በመመርመሪያው ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል።

ወጣ።

«ከሴሉ የተረፈ ቆሻሻ እንዳይሆን» አሉ አለቃዋ፤ ቶሎ ደስ የማይላቸው ሰው ናቸው። ቫይረስ ከሌለባቸው ሴሎች የተወሰደውን ጎን ለጎን አድርገው ደገሙት። ያኛው ባዶ፣ ይሄኛው ቁልጭ ያለ መስመር።

«ቫይረሱ ታዲያ ጠላቱን ለምን ይጭነዋል?» አለች እታለም።

«አውቆ መቼ ጫነው! ሲገጣጠም የዘር መልእክቱን ይጠቀልላል አይደል? ፕሮቲኑ እዚያ ላይ ልጥፍ ብሎ አብሮ ይገባል። ከዚያ አዲስ ሴል ውስጥ ቫይረሱ መልእክቱን ልገልብጥ ሲል፣ ፊደሉን ያበላሽበታል።»

«መሣሪያው ያለው ቫይረስስ?»

«እሱማ ፕሮቲኑን ገና ሳይሳፈር ያስፈጀዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቫይረሱ ነው፤ ግን ያለ ትግል አይደለም።»

እታለም ጓንቷን አወለቀችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ወንድሟ የሞተው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ተጣልቶ ነው። የከሳ ክንዱን እያየ «ይሄ ሥጋ ከዳኝ፤ እጁን አጣጥፎ አስበላኝ» ይል ነበር።

«አልከዳህም» አለች ለራሷ። አለቃዋ ሻይ ቀድተው አጠገቧ ተቀመጡ።

በበነጋው እናቷ ቤት ሄደች። ልብስ እያጣጠፉ ነበር ያገኘቻቸው። ፕሮቲን ምን እንደሆነ ማስረዳቱ አልሆነላትም፤ «እማዬ፣ ደሙ እስከ መጨረሻው ሲታገልለት ነበር» ብቻ አለቻቸው።

እናቷ የያዙትን ልብስ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር? ጥርሱን ሊነቅል የመጣውን ሐኪም ጣት የነከሰ ልጅ እኮ ነው!»

ሐኪሙ ጣቱን ይዞ በክፍሉ ውስጥ ሲዘል ትዝ አላቸው። መጀመሪያ እናት ሳቁ፤ ቀጥሎ ልጅ። ከሞተ ወዲህ እሱን አንስተው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ልብሱም ሳይታጠፍ ዋለ።